ከካይሮ እስከ አቡ ሲምበል፦ የጥንቷን ግብጽ በመርከብ ለመጎብኘት ዝርዝር መመሪያ

«የላይኛው ግብጽ» የሚባለው አገር በካርታ ላይ ሲያዩት ከታች ነው። ወንዙ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ስለሚወርድ ግብጾች ደቡቡን ላይ፣ ሰሜኑን ታች ይሉታል። የውሃውን መነሻ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው በዚህ አጠራር ግር አይለውም። ይህንን መመሪያ የጻፍኩትም በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ከካይሮ ወደ አስዋን፣ ወንዙን ፊት ለፊት እየተቀበሉ።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከአስዋን ወደ ሉክሶር በሚወርድ የሦስት ሌሊት መርከብ ተሳፈርኩ። አስጎብኚው በሉክሶር ያለውን የካርናክ ቤተ መቅደስ በአርባ ደቂቃ አስሩጦ አሳየንና የፓፒረስና የአልባስተር ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት አስቀመጠን። ያየሁትን ቤተ መቅደስ ሁሉ ቀላቅዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጉዞ እናቴን ይዤ፣ ዕቅዱን ራሴ አውጥቼ፣ ከታች ወደ ላይ ሄድን። ያወጣሁት ገንዘብ ብዙም አልተለየም። የተለየው ቅደም ተከተሉ ነበር።

የጊዛ ፒራሚዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸው። በሉክሶር የሚታየው አብዛኛው ነገር ከ1500 እስከ 1100 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። የኤድፉና የኮም ኦምቦ ቤተ መቅደሶች ደግሞ ግብጽን የግሪክ ዘር ያላቸው ነገሥታት በገዙባቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት የተነሡ ናቸው። አስዋን አጠገብ ያለው የፊሌ ቤተ መቅደስ የአሮጌው ሃይማኖት መጨረሻ የተጻፈበት ነው። ስለዚህ ወንዙን ወደ ላይ የሚከተል ሰው ዘመኑንም በተራው ያገኘዋል። ከዚህ የሚያፈነግጠው፣ ዘመኑ የሉክሶር ሆኖ ከአስዋን አልፎ የሚገኘው የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ብቻ ነው፤ እርሱን በመጨረሻ እናየዋለን።

ከመነሣትዎ በፊት

መጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሉክሶርና በአስዋን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚያልፍ፣ ጥላ በሌለው የድንጋይ ሸለቆ ውስጥ መቆም ለአዛውንትም ለሕፃንም አደጋ አለው። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ዋጋው ይንራል፣ ሰውም ይተራመሳል። የኅዳር መጀመሪያን ወይም የጥር መጨረሻን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የሚያዘው መርከቡ ነው፤ አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መርከቦቹ የሚነሡት በተወሰኑ የሳምንቱ ቀናት ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬት አስቀድሞ የገዛ ሰው ካይሮ ላይ ያለ ሥራ ቀናት ሊቆጥር ይችላል። ከሉክሶር ወደ አስዋን የሚወጣው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሌሊት፣ የሚወርደው ሦስት ሌሊት ነው። የአራት ሌሊቱን ይውሰዱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመርከቡ ጥቅም ሻንጣዎን አንድ ጊዜ ፈትተው፣ ሆቴልዎ ራሱ ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ መውሰዱ ነው።

ከወኪሉ ጋር ሲዋዋሉ እነዚህን በጽሑፍ ያስመልሱ፦

- ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አስጎብኚ ይኖራል ወይስ በየከተማው ይቀያየራል? የቡድኑ ብዛትስ ስንት ነው? ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ከሆነ ከኋላ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም።
- የመግቢያ ትኬቶች በዋጋው ውስጥ ናቸው? አቡ ሲምበል ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈላል።
- የሱቅ ጉብኝት በፕሮግራሙ አለ? «አንፈልግም» ብለው አስቀድመው ያስፍሩት።
- ክፍሉ በስንተኛው ፎቅ ነው? ከታችና ከኋላ ያለው ክፍል የሞተሩ ድምፅ አያስተኛም።

ለባለ ሰገነት ክፍል ብዙ ገንዘብ እንዲጨምሩ አልመክርም። ማታ ማታ መርከቦቹ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚቆሙ፣ መጋረጃውን ሲገልጡ የሚያዩት የጎረቤት መርከብ መስኮት ነው። ወደ ከተማው ለመውጣትም በሁለት ሦስት መርከብ እንግዳ መቀበያ ውስጥ አልፈው ይሄዳሉ። ወንዙ የሚታየው ከላይ፣ ከመርከቡ ጣሪያ ላይ ሲሆን እርሱም ለሁሉም እኩል ነው።

ቪዛው በያዙት ፓስፖርት ይወሰናል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሣቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ኤምባሲውን ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት፤ ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አስረው ይያዙ። የዓለም አቀፍ የባንክ ካርድም ያስፈልግዎታል፤ በብዙዎቹ ታላላቅ ስፍራዎች የትኬት መስኮቱ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

ከልብስ መካከል ነጠላን አስቀድማለሁ። እናቴ አንዲት ነጠላ ይዛ በቤተ ክርስቲያን ተከናነበችበት፣ በመስጊድ ትከሻዋን ሸፈነችበት፣ በነገሥታቱ ሸለቆ ከፀሐይ ተጠለለችበት። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ የወንዙ ንፋስ ማታ ይቆረጥማል፤ ጋቢ ቢጨምሩ አይጸጸቱም።

የጾም ነገርም አለ። የነቢያት ጾምና ዐቢይ ጾም ሁለቱም በጥሩው የጉብኝት ወቅት ውስጥ ይውላሉ። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ካሉ ዕንቁላልና አይብ ይቀርብልዎታል። «ሲያሚ» ይበሉ። የግብጽ ክርስቲያኖች የጾም ምግብን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኞች ያውቁታል፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ዕንቁላል ያዘጋጃሉ። ፉሉ፣ ምስሩና ኮሻሪ የሚባለው የሩዝ፣ የምስርና የመኮሮኒ ድብልቅ ለጾመኛ ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ግን ከመሳፈርዎ በፊት በወኪሉ በኩል ያሳውቁ።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን፦ ካይሮ

ጊዛ በማለዳ፣ በሩ ሲከፈት ይድረሱ። የኩፉ ፒራሚድ ሲሠራ 146 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው፤ ዛሬ 138 ሜትር ገደማ ቀርቷል። ወደ ውስጥ ለመግባት ሌላ ትኬት ይጠየቃል። የሚያገኙት ጎንበስ ብለው የሚወጡት ጠባብና ሞቃት መተላለፊያ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ባዶ የግራናይት ድንጋይ ሣጥን ነው። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ቢተወው የሚያጣው የለም። ግመል ከተከራዩ ዋጋው ለመውጣትም ለመውረድም መሆኑን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ለመውረጃ ሌላ የሚጠይቁ አሉ።

ከዚያው አጠገብ በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብጽ ሙዚየም አለ። ከመግቢያው አዳራሽ 11 ሜትር የሚረዝም የንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ይቀበልዎታል፤ የንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር ዕቃዎችም፣ ከ5,000 በላይ ናቸው፣ በአንድ ላይ የሚታዩት እዚህ ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይስጡት። ሳቃራን፣ ማለትም ኢምሆቴፕ ለንጉሥ ጆዘር የሠራውን ባለ ደረጃ ፒራሚድ፣ በሁለተኛው ቀን ይጨምሩ።

ሦስተኛውን ቀን ለአሮጌው ካይሮ ይተዉት። ከሩቅ አገር የመጡ ቡድኖች በአንድ ሰዓት የሚያልፉትን ስፍራ እኛ በዚያ መጠን ልናልፈው አይገባም። አል ሙዓለቃ፣ «የተንጠለጠለችው ቤተ ክርስቲያን»፣ በሮማውያን የባቢሎን ምሽግ በር ላይ የተሠራች ናት፤ 29 ደረጃ ወጥተው ይገባሉ፣ የእንጨት ጣሪያዋ የኖኅን መርከብ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች በ11ኛው ክፍለ ዘመን መንበራቸውን ወደ ካይሮ ሲያዛውሩ የተቀመጡት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማን ከሾሙበት ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ እስከሆኑበት ጊዜ ድረስ አቡኖቻችን ይመጡልን የነበረው ከግብጽ ነው። እናቴ ይህንን ከነገርኳት በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአንድ ምሰሶ ሥር ተቀመጠች፤ አስጎብኚው ሰዓቱን ሲያይ እኔ እንዲጠብቃት ለመንኩት። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቅድስት ቤተሰብ በስደቱ ወቅት አረፈችበት የሚባለው የአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን አለ።

4ኛውና 5ኛው ቀን፦ ሉክሶር

ከካይሮ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው። መርከቡ ላይ ዕቃዎን አስቀምጠው በዚያው ዕለት ካርናክን ይጎብኙ። በታላቁ አዳራሽ 134 ምሰሶዎች አሉ፤ የመካከለኞቹ አሥራ ሁለቱ ከፍታ 21 ሜትር ይደርሳል። አንገትዎን ቀና አድርገው የምሰሶዎቹን አናትና ተሸካሚ ድንጋዮቹን ከሥር ይመልከቱ፤ ፀሐይ ያላገኘው ቀለም፣ ሰማያዊውና ቀዩ፣ እስከ ዛሬ አለ።

የሉክሶርን ቤተ መቅደስ ማታ፣ መብራቱ ሲበራ ይዩት። ከመግቢያው ፊት አንድ ሐውልት ለብቻው ቆሟል። መንትያው ፓሪስ ከተማ አደባባይ ላይ ከ1836 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የእነርሱ የተሰጠ ስጦታ ነበር፤ የእኛ የአክሱም ሐውልት ግን በወረራ ተወስዶ፣ ሮም ቆይቶ፣ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና ቆመ። በባዶው ቦታ ፊት ስቆም ያሰብኩት ይህንን ነው።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ይሻገሩ። በነገሥታቱ ሸለቆ አንድ ትኬት ሦስት መቃብሮችን ብቻ ያስገባል። የቱታንክሃሙን መቃብር ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ትንሽ ነው፣ ወርቁም ካይሮ ሄዷል፣ የቀረው የንጉሡ አስከሬንና የአንድ ክፍል ሥዕል ነው። ለተጨማሪ ትኬት የሚያወጡት ገንዘብ ካለዎት የስድስተኛው ራምሴስን መቃብር ይምረጡ። በጣሪያው ላይ የሰማይ አምላክ ኑት ፀሐይን ማታ ስትውጥና ጠዋት ስትወልድ ከዳር እስከ ዳር ተስላለች። አስጎብኚዎች መቃብር ውስጥ ማስረዳት ስለተከለከሉ ማብራሪያውን ከውጭ ሳሉ ያስጨርሱት፣ ጥያቄም ያኔውኑ ይጠይቁ።

ከዚያ የንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ። ቡድኑ ሁሉ መወጣጫውን ይዞ ወደ ላይኛው ደርብ ሲጣደፍ እርስዎ በመካከለኛው ደርብ ወደ ግራ ይታጠፉ። ከምሰሶዎቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ንግሥቲቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፑንት ወደሚባል አገር የላከቻቸው መርከቦች ተቀርጸዋል። ተጠግተው ያስተውሉ። በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ፣ በመሰላል የሚወጡባቸው ክብ ጎጆዎች አሉ። የከርቤ ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ሆነው በሰዎች ትከሻ ይጓዛሉ። ምሁራን ፑንትን በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ይፈልጉታል። ዕጣን የሚታጠንበት ቤት ያደገ ሰው እነዚያን ዛፎች ሲያይ ምን እንደሚሰማው መናገር ይከብደኛል፤ እኔ ግን ከግድግዳው መራቅ አቅቶኝ ነበር።

ሲመለሱ መንገድ ዳር 18 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው ሁለት የተቀመጡ ሐውልቶች ያገኛሉ። የንጉሥ አሜንሆቴፕ ሦስተኛ ምስሎች ሲሆኑ ግሪኮች ግን በአፈ ታሪካቸው ለትሮይ ሊዋጋ በመጣው የኢትዮጵያ ንጉሥ በሜምኖን ስም ጠሯቸው። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ነበር።

6ኛው ቀን፦ ወንዙ፣ ኤድፉና ኮም ኦምቦ

መርከቡ ከሉክሶር ከተነሣ በኋላ ኤስና ላይ በውሃ መዝጊያ በር ያልፋል። መርከቦች ተራ ሲጠብቁ በትንንሽ ጀልባ የሚመጡ ነጋዴዎች ጨርቅና ቀሚስ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ መርከቡ ጣሪያ ይወረውራሉ፤ ካልፈለጉ መልሰው ይወረውሩላቸዋል። መግዛት ከፈለጉ ሳይከፍቱ ዋጋውን ይጨርሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ ነው። ወንዙ ዳር ጠባብ የለመለመ መሬት፣ ሸንኮራና ተምር፣ ከጀርባው ወዲያውኑ ቢጫ ተራራ። አህያ ላይ የተቀመጠ ልጅ እጁን ያውለበልባል። ስልክዎን አስቀምጠው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይቀመጡ።

የኤድፉ፣ የጭልፊቱ አምላክ የሆረስ ቤተ መቅደስ ከ237 እስከ 57 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ተሠራ። ለብዙ መቶ ዓመታት እስከ ምሰሶዎቹ አናት በአሸዋ ተቀብሮ፣ በላዩም ቤቶች ተሠርተውበት ስለነበር በግብጽ ካሉት ሁሉ የተሻለ ሙሉ ሆኖ ቆይቷል። ከወደብ የሚወስደው የፈረስ ጋሪ ነው። ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ የከሱና የቆሰሉ ስለሆኑ እኛ በባጃጅ ሄድን፤ ያለ ችግር ይገኛል።

ኮም ኦምቦ ሲመሽ የሚደረስበት ቤተ መቅደስ ነው፤ ግማሹ ለአዞው አምላክ ለሶቤክ፣ ግማሹ ለሆረስ። የአዞ አስከሬኖች ያሉበትን ትንሽ ሙዚየም ሁሉም ያሳያል። እርስዎ ግን አስጎብኚዎን የቀን መቁጠሪያው ያለበትን ግድግዳ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የየዕለቱ በዓልና መሥዋዕት በመስመር በመስመር ተጽፏል። ቀኑን ለመቁጠር ቀላል ነው፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈው ምልክት አሥር፣ ቀጥ ያለው ጭረት አንድ ነው። ሁለት ኮቴና ስምንት ጭረት ካዩ ሃያ ስምንት ነው። የጥንቶቹ ግብጾች ዓመት እያንዳንዳቸው ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ትርፍ ቀናት ነበሩት። በሮማውያን ዘመን በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ተጨመረበት፤ የግብጽ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ወረሰች፤ አዲስ ዓመቷም ከእኛ ከመስከረም 1 ጋር በአንድ ቀን ይውላል። እናቴ በጣቷ አየሩን እየነካች ጭረቶቹን ቆጠረችና «ጳጉሜንንም ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች።

7ኛው ቀን፦ አስዋን

ግድቡን በአሥራ አምስት ደቂቃ ይዩት። በ1970 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ይህ ግድብ ከጀርባው 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የናስር ሐይቅ ፈጥሯል፤ ከደጋችን ታጥቦ የሚወርደውም ደለል እዚያ ይቀራል። ኢትዮጵያዊ መሆንዎን ሲሰሙ ስለ ሕዳሴ ግድብ የሚጠይቅዎ ሰው አይጠፋም። በእርጋታና በክብር ይመልሱ፤ እኔን የጠየቀኝ ሁሉ ከክርክሩ በኋላ ሻይ ጋብዞኛል።

ያላለቀው ሐውልት ያለበት የድንጋይ ካባ ቅርብ ነው። 42 ሜትር ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሐውልት ሲጠረብ ስለተሰነጠቀ እስከ ዛሬ ከአለቱ ሳይላቀቅ ተኝቷል። ከዚያ በጀልባ ወደ ፊሌ። ቤተ መቅደሱ በውሃ እንዳይዋጥ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ በአጠገቡ ወዳለው የአጊልኪያ ደሴት ተዛውሯል። የመጨረሻው የጥንት ግብጽ የሥዕል ጽሕፈት የተቀረጸው እዚህ በ394 እ.ኤ.አ. ነው። በግድግዳው ላይ፣ ከአማልክቱ ምስል ጎን፣ በኋላ ዘመን ክርስቲያኖች የቀረጿቸውን መስቀሎች ይፈልጉ።

ሲመሽ ፌሉካ፣ ባለ ሸራውን ጀልባ፣ ለሁለት ሰዓት ይከራዩና ቀዛፊው ኤሌፋንታይን ደሴት ላይ እንዲያወርድዎ ይጠይቁ። በአለቱ ውስጥ የወንዙን ከፍታ የሚለኩበት ደረጃ አለ፤ ግድግዳው ላይ የመለኪያ መስመሮች ተቀርጸዋል። የዓመቱ ግብር የሚወሰነው ውሃው በደረሰበት ልክ ነበር። ያ ሙላት ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ይመጣ የነበረው በነሐሴና በመስከረም፣ የእኛ ክረምት ውሃ ሲደርስ ነው። ከግብጽ ወንዝ ውሃ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ የሚነሣ ስለሆነ፣ እነዚያ መስመሮች የጎጃምን ዝናብ ሲለኩ ኖረዋል ቢባል ስህተት አይሆንም። በውሃው ዳር እጅ መንከር ምንም አይደለም፤ መዋኘት ግን ቢልሃርዝያ ስላለ ይቅርብዎ።

በዚያው ማታ ለመርከቡ ሠራተኞች የሚሰጠውን ጉርሻ በፖስታ አድርገው መቀበያው ዘንድ ያስቀምጡ፤ ለአስጎብኚው ለብቻው ይሰጣል። ፓስፖርትዎን መቀበያው ይዞት ከሆነም ያኔውኑ ይረከቡ፤ በማግሥቱ በሌሊት ስለሚነሡ ጊዜ የለም።

8ኛው ቀን፦ አቡ ሲምበል

ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መኪናው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ይነሣል፤ መርከቡ ቁርስ በካርቶን ያሲዝዎታል። ጋቢው የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ዳግማዊ ራምሴስ ከአለት ያስፈለፈለው ይህ ቤተ መቅደስ በሐይቁ ሊዋጥ ሲል ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ከ1,000 በላይ ብሎክ ሆኖ ተቆርጦ 65 ሜትር ወደ ላይ ተነሥቷል። ከፊት ያሉት አራቱ ምስሎች እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ያህል ናቸው። የአንደኛው ራስ በጥንት ዘመን ወድቆ ነበር፤ ሲያዛውሩትም እንደወደቀ እግሩ ሥር አስቀመጡት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 12 እና የካቲት 15 ላይ፣ የማለዳ ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ዘልቃ ከተቀመጡት አራት ምስሎች ሦስቱን ታበራለች። አራተኛው፣ አምላኩ ፕታህ፣ ብርሃን አይደርሰውም። በእነዚያ ቀናት ሕዝቡ እጅግ ስለሚበዛ ለመግባት ሌሊቱን ሙሉ መሰለፍ አለ፤ ከአዛውንት ጋር የሚጓዝ ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ።

ታላቁን አይተው ሲወጡ አጠገቡ ያለውን የንግሥት ነፈርታሪን አይዝለሉ። በግብጽ የንጉሥ ሚስት ብዙ ጊዜ ከባሏ ጉልበት በታች ሆና ትቀረጻለች፤ እዚህ ግን የንግሥቲቱ ምስሎች ከንጉሡ ጋር እኩል ቁመት አላቸው። እናቴ ከፊቱ ባለው ጥላ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለችና እኔ ውስጡን ዞሬ እስክመለስ እርሱን ስታይ ቆየች። ወደ አስዋን የሚመልሰው መኪና ከቀትር በኋላ ስለሚደርስ የካይሮውን በረራ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አይያዙ።